በላዳ ቸርኬ የሄደው ባቡር

«ርገጥ» አሉ ሼፍ ወልደየሱስ።

ነቢል ረገጠ። የብስክሌት ካቴናው ተወጠረ፣ የብረት አልጋው አቃሰተ፣ ጎማቸው የተገፈፈ አራት የላዳ ቸርኬዎችም ዝገት በለበሰው ሐዲድ ላይ እየተንቋቁ መዞር ጀመሩ። የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ቀረ። ለወሬ የተሰበሰበው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት እልል አለች። ለምን እልል እንዳለች ብትጠየቅ እሷም የምታውቀው አይመስልም። ከዚያ ጣቢያ አንድ ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ካየች ስለሰነበተች ይሆናል።

ጊዜው ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት፣ እሑድ ጠዋት ነው። ሚሊኒየሙን የተቀበልንበት ቲሸርት ገና አልነተበም። ባቡሩ ግን የለም። ሞተ ብሎ ያወጀም የለም፤ ዛሬ ቀረ፣ ለከርሞ ይመጣል፣ ጥገና ላይ ነው ሲባል ሲባል ሣሩ ሐዲዱን ዋጠው። ሹም ሲሻር እንኳ በዜና ይነገራል። የሦስት ትውልድ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ባቡር ግን እንደ ጎረቤት ድመት ነው የጠፋው፤ ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ «ውይ፣ ካየሁት ቆየሁ» አለ፣ በቃ።

ጋሪው ላይ ሦስት ሰው ነበር። ከፊት፣ በገመድ በታሰረች ዱካ ላይ፣ ሼፍ ወልደየሱስ ተቀምጠዋል። የነሐስ ቁልፍ ያለውን ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ የምድር ባቡር ቆባቸውን አጥልቀዋል፣ ፊሽካቸው በደረታቸው ላይ ይወዛወዛል። በምድር ባቡር ቤት ሹመት የሚጠራው በፈረንሳይ አፍ ነበር፤ የሐዲድ ጠጋኞችን ጓድ የሚመራ ሰው «ሼፍ» ይባላል። በኋላ ወደ ሰፈሩ የገቡ ሰዎች ሽማግሌው ድሮ ሆቴል ቤት ወጥ ይሠሩ የነበረ ይመስላቸዋል። ሼፍም አያርሟቸውም፤ ዝም ብለው ይንቋቸዋል።

መሐል ላይ ኦቦ ጉተማ አሉ፤ በደህናው ጊዜ የጣቢያው የዕቃ መዛኝ የነበሩ፣ አሁን የሰፈሩ ሽማግሌ። ጋቢያቸውን ተከናንበው የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። በዕድሜያቸው ብስክሌት ላይ እንኳ ወጥተው አያውቁም። እንግዲህ ለምን ዛሬ እዚህ ላይ እንደወጡ ነቢል ሊገባው አልቻለም፤ «ሽማግሌ ሳይዙ ሴት ማምጣት ነውር ነው» ብለው ነበር የተሳፈሩት።

ከኋላ፣ አልጋው ላይ በተበየደ የብስክሌት ኮርቻ ተቀምጦ የሚረግጠው ራሱ ነቢል ነው። በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ በዚሁ ጣቢያ በር ጫማ እየጠረገ አደገ፤ አሁን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ምስማር፣ ኩሽኔታና የብስክሌት ዕቃ የሚሸጥባት አንዲት ሱቅ አለችው። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ አጠራሩን የሰማ ግን ክብር እንዳልሆነ ወዲያው ይረዳል።

የሚሄዱት ወይዘሮ አቻምየለሽን ለማምጣት ነው።

ወይዘሮ አቻምየለሽ የሼፍ ባለቤት ናቸው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ አንድ ፍራሽና ድስቶቻቸውን አስጭነው አቃቂ ካለው የምድር ባቡር የሠራተኛ ቤታቸው ወጡ። ቃሊቲ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ነበር። ሼፍ ደግሞ ቤቱ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ «ከሐዲድ አልርቅም» ብለዋል። ጠብ ሲባል የታየው ይኸው ነው። ሰው ግን ሌላም ይጨምር ነበር። ሼፍ በየማለዳው ትልቁን መፍቻ ተሸክመው ይወጣሉ፤ ድሮ በኃላፊነት የያዙትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ የላላውን ብሎን ያጠብቃሉ፣ ሣር ይነቅላሉ፤ ረፋድ ላይ ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ። ለማይመጣ ባቡር። «ምን ታድርግ፣ ሰለቻት» አለ ጎረቤት ሁሉ። የመፍቻ ሚስት መሆን ማንን አይሰለችም?

ሽማግሌ ተላከ። መጀመሪያ ሲሄዱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ሻይ አፍልተው፣ ስለ ጤናቸው ጠይቀው፣ ምንም ሳይሉ ሸኟቸው። በሁለተኛው ኦቦ ጉተማ አጥብቀው ቢይዟቸው እንዲህ አሉ፦ «በሠርጌ ቀን ከቃሊቲ አቃቂ ያመጣኝ የሐዲድ ጋሪ ነው። ያው ዓይነት ጋሪ፣ በዚያው ሐዲድ፣ ደጄ ድረስ መጥቶ ይውሰደኝ። ያን ጊዜ እመለሳለሁ።»

እውነት ነው፣ በጋሪ ነበር የመጡት። ያን ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አላስገባ ቢል፣ ወጣቱ ወልደየሱስ የሥራ ጓዶቹን አስተባብሮ፣ መፍቻና አካፋ የሚጫንባትን በእጅ የምትገፋ ጋሪ በአበባ አልብሶ፣ ሙሽራዋን በላይዋ አስቀምጦ እየዘፈነ ይዟት ገባ። የአቃቂ አሮጌ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እንዲያውም በሚወራው ብዛት ከሆነ በዚያ ቀን አቃቂ ውስጥ ያልነበረ ሰው የለም።

ሽማግሌዎቹ መልሱን «አልመጣም» ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ጋሪዎቹ ድሮ ተሰባብረው አልቀዋል፤ ማን ከየት ያመጣል? ለሼፍ ሲነግሯቸው ግን ሼፍ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በኮታቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ተነሥተውም ቀጥ ብለው ወደ ነቢል ሱቅ ሄዱ።

«ነቢል» አሉት፤ «በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ትሠራልኛለህ?»

ይህን ጥያቄ ነቢል ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ነው። ራሱ ጠያቂ ነበርና። ምስማር ሊገዛ የገባ ሰው ከነቢል ጥያቄ ሳይቀምስ አይወጣም። የጭነት መኪና ሲሮጥ ግንባሩን የሚመታው ነፋስ ባትሪ ለምን አይሞላም? ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ዲናሞ ቢያዞር መብራት በጠፋ ቁጥር ክረምቱን በጨለማ እናሳልፍ ነበር? ጥያቄው ባያልቅም ሙከራው ብዙ ጊዜ በክፉ ያልቃል። በብስክሌት የሚዞር የበርበሬ ወፍጮ ሠርቶ ክዳኑ በመሐል ተስፈንጥሮ፣ መንደሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ውሏል። ከዚያ በኋላ ነው ኢንጂነር የተባለው።

ጋሪውን ግን ለስም ብሎ አልነበረም የሠራው። አባቱን ሳያውቅ ያደገ ሰው ነው። ጣቢያው በር ላይ ጫማ ሲጠርግ ብስክሌት መንዳት ያስተማሩት፣ መፍቻ አያያዝ ያሳዩት ሼፍ ናቸው። ወይዘሮ አቻምየለሽ ደግሞ የእርሳቸው ቤት ሥጋ የማይነካት አንዲት ድስት ለብቻዋ አስቀምጠው፣ በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ሾርባውን በዚያች ድስት ሠርተው ይጠብቁት ነበር። «የነቢል ድስት» እንደተባለች አርጅታለች። ሁለቱ ከተለያዩ ወዲህ ነቢል፣ እሱ ራሱ የሁለት ልጆች አባት የሆነው ሰውዬ፣ ማታ ማታ ወላጆቹ እንደተፋቱበት ሕፃን ሆድ ይብሰው ነበር። ለሚስቱ ለአዚዛ እንኳ አልነገራትም፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር።

ለዚህም ነው አልጋዋን የሰጠችው። ሰጠችው ማለት፣ ከሱቅ ስትመለስ አልጋው ተፈታትቶ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ አገኘችው፤ ነቢል ደግሞ በሜትር እየለካ ነበር።

«ስፋቱ ከሐዲዱ ጋር ልክ ይመጣል» አላት፣ ጥፋቱን ሳይሆን ግኝቱን ሊያካፍላት።

«እና እኛ የት ልንተኛ?»

«መሬት ላይ ወገብ ያጠነክራል።»

አዚዛ ብዙ ልትናገር አስባ ነበር። ፊቱን አየችውና ተወችው። «እትዬ አቻምየለሽን ሳትይዝ ከተመለስክ አንተም መሬት እንደተኛህ ትቀራለህ» ብላው ገባች።

ከባዱ አልጋው አልነበረም፤ ጎማው ነው። «ሼፍ» አላቸው አንድ ቀን ነቢል፣ የቸርኬውን ከንፈር እየዳሰሰ፤ «ባቡር መሪ የለውም። ጥምዝ ላይ የውጭው ጎማ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ ትንሽ። ሁለቱ በአንድ ብረት ታስረው እኩል እየዞሩ እንዴት ነው ሐዲዱን የማይስቱት?»

«የባቡር ጎማ ሾጠጥ ያለ ነው» አሉ ሼፍ። «ወደ ዳር ሲሄድ ራሱ ያስተካክላል።»

የላዳ ቸርኬ አይሾጥጥም። ነቢል ያን ሰሞን ብሎን ለጠየቀው ምስማር እየሸጠ፣ የተሰጠውን ሰላምታ ሳይመልስ ከረመ። በመጨረሻ የመጣለት ቀላል ነገር ሆነ፦ አራቱም በየራሳቸው ኩሽኔታ ላይ ለየብቻ ይዙሩ፤ ካቴናው አንዱን ብቻ ይያዝ። «አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ዝም ብለው ይከተላሉ» ብሎ ለአዚዛ አስረዳት። «እንደኛ ቤት» አለች አዚዛ። ለፍሬን የበረባሶ ጫማ ቁራጭ እንጨት ላይ ቸንክሮ፣ ሲጎትቱት ቸርኬውን እንዲያሽ አደረገው። ሲሞከር ይሸታል እንጂ ይይዛል።

ስለ መንገዱም አልዘነጋም፣ ጠይቋል። «ሐዲዱ ደህና ነው?» ብሏቸው ነበር።

ሼፍ በጥያቄው ትንሽ ተቀይመው፣ «እኔ እያለሁ አንድ ብሎን አይጎድልም» አሉት። ነቢልም ከዚህ በላይ የሚጠየቅ አልታየውም።

አሁን እንግዲህ እየሄዱ ነው። መጀመሪያ ያጋጠማቸው የቲማቲም ገበያ ነው። ባቡሩ ከቀረ ወዲህ ሴቶቹ ሸራቸውን በሐዲዱ መሐል ይዘረጋሉ። ሼፍ ፊሽካውን በረጅሙ ነፉት። ያኔ የሆነውን ነቢል አይረሳውም፤ ሴቶቹ ማን እንደመጣ እንኳ ሳያዩ፣ እጃቸው ብቻውን አስታውሶ፣ ሸራውን በአራት ማዕዘኑ አፈፍ አድርገው ወደ ዳር ዘለሉ። ዳር ቆመው ካዩ በኋላ ነው የገባቸው።

«ውይ ሼፍ፣ ባቡር መስሎን» አለች አንዷ እየሳቀች። ሌላይቱ ግን አልሳቀችም። ጋሪው ካለፈ በኋላም ሸራዋን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ለድሬዳዋው ባቡር ብርቱካን ታቀብል የነበረችው ናት» አሉ ሼፍ ዘወር ሳይሉ። «በመስኮት ስትወረውር አንድ አትስትም ነበር።»

ከዚያ ወሬያቸው ተከፈተ። እዚህ ጋ በሬ ተገጭቶ ባለቤቱ ካሣ ካልተሰጠኝ ብሎ ሐዲድ ላይ የተኛበት ነው። እዚያ ጋ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት ሐዲዱ በአየር ላይ እንደ ልብስ ገመድ ተንጠልጥሎ ያደረበት ነው። ኦቦ ጉተማም ፍርሃታቸውን ረስተው፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ጨው ደብቆ ሊያሳልፍ የሞከረን ነጋዴ ታሪክ አመጡ። ነቢል እየረገጠ ያዳምጣል። ጠዋቱ ብርድ ብርድ ይላል፣ ከቆዳ ፋብሪካው በኩል የሚመጣው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ከወንዙ ዳር የጎመን መደቦች ላይ ሰዎች ቀና ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሰው ደስ ያለውን ሰዓት ደስ እንዳለው እያወቀ ቢኖረው ኖሮ! ነቢል በኋላ ሲያስበው ከጣቢያው እስከ ድልድዩ ያለችው መንገድ እንደዚያ ያለች ነበረች።

ድልድዩ ላይ ኦቦ ጉተማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በብረቶቹ ክፍተት የአቃቂ ወንዝ ከታች ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቸርኬዎቹ ከብረቱ ጋር ሲገናኙ ድምፁ ተለወጠ፤ ጎላ ብሎ፣ ከበድ ብሎ፣ በእውነትም የባቡር ድምፅ ሆነ። ሼፍ ቆባቸውን አወለቁ። ነቢል ከኋላ ፊታቸውን ባያይም ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ አየ፣ እግሩንም ቀስ አደረገ፤ ድልድዩ እንዲረዝም።

ከድልድዩ ማዶ አንዲት በኖራ የተቀባች ድንጋይ አለች። እዚያ ሲደርሱ ሼፍ እጃቸውን አነሡ። ነቢል ፍሬኑን ሳበ፤ በረባሶው ሸተተ፣ ጋሪው ቆመ።

«የእኔ ድርሻ እዚህ ያበቃል» አሉ ሼፍ። «ከዚህ ወዲያ የሼፍ በቀለ ነው። ቆሞ አንድ ፊሽካ ነፍቶ ማለፍ ደንብ ነው።»

ፊሽካውን ነፉት። ማንም አልመለሰም።

«ሼፍ» አለ ነቢል። «ከዚህ ወዲያ ያለውን አላዩትም እንዴ?»

«የሰው ድርሻ?» ሼፍ ነውር የሰሙ ይመስል ዞረው አዩት። «ሼፍ የሌላውን ሼፍ መንገድ አይመረምርም። ሰውየውን አላመንከውም ማለት ነው።»

«ሼፍ በቀለ እኮ ካረፉ...»

«ቢሆንስ?»

የአቃቂ የባቡር ሰው በሙሉ ሼፍ በቀለን ቀብሯል፤ በቦታው ሰው አልተተካም፤ ድርሻው ግን እስከ ዛሬ የእሱ ነው። ስለ ቸርኬ፣ ስለ ኩሽኔታ፣ ስለ ፍሬን ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቀው ነቢል «እስከ የት ድረስ አዩት?» የምትለዋን ብቻ ሳይጠይቅ ቀርቷል። ወደ ኦቦ ጉተማ ዞረ። ኦቦ ጉተማ ወደ ወንዙ እያዩ ነበር።

«ቀስ ብለህ ንዳ ነቢል» አሉ። «ምንም የሚያስቸኩል የለም።»

ቀስ አለ። ሣሩ ከዚህ ወዲያ እስከ ጉልበት ነው፤ ብሎኖቹም ላልተዋል፤ ሼፍ በየአፍታው «አይ በቀለ፣ አይ በቀለ» እያሉ ያጉረመርማሉ። የቃሊቲ መጋዘኖች መጡ። ወደ ማረሚያ ቤቱ ስንቅ የያዙ ጠያቂዎች በሰልፍ ሆነው ሐዲዱን ሲያቋርጡ፣ ጋሪውን አይተው ሳህናቸውን በእጃቸው እንደያዙ መንገድ ለቀቁ። ሼፍ ለያንዳንዱ ማቋረጫ ፊሽካ ይነፋሉ። የኮንዶሚኒየሞቹ ሕንፃዎች ከወዲያ ታዩ፣ በየሰገነቱ ልብስ የተሰጣባቸው። ሼፍ የኮታቸውን ቁልፍ በእጃቸው ዳሰሱ፣ ጺማቸውን አበጠሩ።

ያን ጊዜ ነቢል ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው።

ከፊታቸው ሐዲድ የለም። ሁለቱም ብረቶች በአንድ ቦታ ላይ ተቆርጠው አልቀዋል። ከዚያ ወዲያ የተደለደለ ቀይ አፈር፣ የከባድ መኪና ጎማ የሄደበት፣ ሰፊ አዲስ መንገድ ሊሆን የተዘጋጀ ሜዳ አለ። የብረት አግዳሚዎቹ እንኳ ተነቅለዋል። አንድ አህያ መሐል ላይ ቆሞ ያናፋል።

ሼፍ ወረዱ። ወደ ተቆረጠው ጫፍ ሄደው በርከክ አሉና በመዳፋቸው ዳሰሱት። በእሳት ነው የተቆረጠው፤ ጫፉ ቀልጦ ረግቷል። ቀና ብለው ማዶውን አዩ፣ የሐዲዱን ቀሪ የሚፈልጉ ይመስል። ከዚያ እዚያው ብረቱ ላይ ተቀመጡ።

ኦቦ ጉተማ ከጋሪው ወርደው አጠገባቸው ቆሙ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወልደየሱስ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉ። «እኛ ሰምተን ነበር። ብቻህን እንዳታየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ነቢል ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ ወረረው። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አረጋግቶ ነው የሚነገረው፤ እሱ ሽማግሌውን በቆባቸውና በነሐስ ቁልፋቸው አሳምሮ፣ እየረገጠ፣ እያላበው፣ ሬሳው ላይ አምጥቶ ጣላቸው። ያ ሁሉ ብልሃት ለዚህ ነበር? ያን ደቂቃ የላዳ ቸርኬ የሚባል ነገር ዓለም ላይ ባይፈጠር ይወድ ነበር።

ፊሽካው ግን ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ተሰምቷል። ወይዘሮ አቻምየለሽ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዙ፣ ጉልበታቸውን እያስታመሙ፣ በተደለደለው አፈር ላይ መጡ። ጋሪውን አዩ፣ ነቢልን አዩ፣ አልተደነቁም። ቀጥ ብለው ሄደው ከባላቸው ጎን ብረቱ ላይ ተቀመጡ።

«አቻሜ» አሉ ሼፍ፣ ቀና ሳይሉ። «ቆርጠውታል።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ሐምሌ ላይ። ቤቱን ለማየት የመጣሁ ዕለት። በዝናብ ሲጭኑት ቆሜ አየሁ።»

«ሐምሌ ላይ አውቀሽ ነው ያልነገርሽኝ?»

ወይዘሮ አቻምየለሽ ጃንጥላውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «የእናትህን መርዶ እኔ ነኝ የነገርኩህ» አሉ። «የወንድምህንም እኔው። ይህንንም ከእኔ አፍ እንድትሰማው አልፈለግኩም፣ ወልዴ። በየማለዳው መፍቻህን ተሸክመህ ስትወጣ ደግሞ ቁርስ አቅርቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ምን ላድርግ? ወጣሁ።»

ሼፍ የቀለጠውን ጫፍ እንደገና ዳሰሱት። ነቢል ፊቱን ወደ አህያው አዞረ፤ ሰው እንዳያይበት የሚፈልገው ነገር ዓይኑ ውስጥ ነበረ።

«ታዲያ ጋሪው ይምጣ ያልሽው...?»

«ጋሪ ከየት ያመጣል ብዬ ነዋ። እዚህ ድረስ እንዳትመጣ።» ወደ ነቢል ቀና አሉ። «ይሄ እብድ እንዳለ ረሳሁት።»

ኦቦ ጉተማ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ሼፍም፣ ዕንባቸው ገና ሳይደርቅ፣ ትከሻቸው ተነቀነቀ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ጋሪውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ነቢልዬ፣ ይሄ የአዚዛ አልጋ አይደለም?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬውኑ መልስላት። እሷ ጥሩ ሰው ሆና ነው እንጂ እኔ ብሆን እንኳን አልጋዬን ዱካዬን አልሰጥህም።» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «በል ተነሥ። ደጄ ድረስ ባይደርስም የተቻለው ድረስ መጥቷል። ቃሌ ቃል ነው። ጋሪው ላይ አውጣኝና አቃቂ እንግባ።»

ሼፍ ተነሡ፤ ወደ ጋሪው ግን አልሄዱም። የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ፣ የሚፈልጉት አልነበረም።

«ቀይ ነገር ያለው ሰው አለ?» አሉ።

ነቢልና ኦቦ ጉተማ ተያዩ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሐዲድ ሰው ሚስት ሆነው የኖሩ ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው። ከራሳቸው ላይ ቀዩን ሻሻቸውን ፈቱ፤ ሽበታም ሹሩባቸው በጠዋቱ ፀሐይ ላይ ታየ። ሻሹን ሰጧቸው። ሼፍ ከአንድ አጥር ሥር የወደቀ የባሕር ዛፍ እንጨት አነሡ፣ ጫፉ ላይ አሰሩት፣ ወደ መጡበት አቅጣጫ በሐዲዱ መሐል እርምጃቸውን በከንፈራቸው እየቆጠሩ መሄድ ጀመሩ። መንገድ ሲቆረጥ፣ ባቡር ፍጥነቱን አብርዶ ለመቆም በሚበቃው ርቀት ላይ ቀይ ባንዲራ ይተከላል። የሼፍ የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው። ከጥገናው በፊት፣ ከወሬው በፊት፣ ከለቅሶው በፊት።

«ወልደየሱስ» አሉ ኦቦ ጉተማ ቀስ ብለው፣ ሊያስታውሷቸው። «የሼፍ በቀለ ድርሻ ነው እኮ።»

ሼፍ ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡ ትንሽ አሰቡ።

«በቀለ የለም» አሉ። «ሞቷል።»

መቁጠራቸውንም ቀጠሉ። በቃኝ ያሉት ላይ ሲደርሱ እንጨቱን ከሐዲዱ ዳር ተከሉት፣ ጠጠር ሰብስበው ዙሪያውን ጠቀጠቁት፣ በእጃቸው ነቅንቀው መጽናቱን ፈተኑ። ነፋስ ሻሹን ዘረጋው። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ተመለሱ።

«አሁን እንሂድ» አሉ ባለቤታቸውን።

«ወዴት?»

«አንቺ ቤት። ውሃ ይመጣል?»

«በፈረቃ ነው።»

«የኛም በፈረቃ ነበር።»

እጃቸውን ዘረጉላቸው። ወይዘሮ አቻምየለሽ ተደግፈው ተነሡ። ሁለቱ ሽማግሎች በቀዩ አፈር ላይ ወደ ሕንፃዎቹ ዞሩ፤ ጉልበታቸውን ያመማቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ ናቸው፣ የሚደገፉት ግን ሼፍ ነበሩ።

«የሼፍን ዕቃ ነገ በመኪና እናመጣዋለን» አሉ ኦቦ ጉተማ ለነቢል። «በል ና፣ እናዙረው።» የብስክሌት ካቴና ወደ ኋላ አይነዳም፤ ነቢል ይህንንም ሲሠራው አላሰበበትም። በሁለት በኩል ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ አልጋውን ከሐዲዱ ላይ አንሥተው ፊቱን ወደ አቃቂ መለሱት። ኦቦ ጉተማ በሼፍ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ነቢል ጥቂት ረገጠ፣ ቀይዋ ሻሽ ጋ ሲደርስ ግን ፍሬኑን ሳበ።

«ምነው፣ ተበላሸ?»

«ቀይ ነው፣ ኦቦ።»

«እና?»

«ቀይ ካለ ሼፉ ሳይፈቅድ አይታለፍም።»

ሁለቱም ወደ ኋላ ዞረው ጠበቁ። ባልና ሚስቱ በአቧራው ላይ ርቀዋል፤ ሊጠሯቸው የሚቻልበት ርቀት አልነበረም፣ ነቢልም አልተጣራም። ሼፍ ወልደየሱስ ከሕንፃው መግቢያ ሲደርሱ ቆሙ፣ ዞሩ፣ በሐዲዱ መሐል የቆመውን ጋሪ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እለፍ የሚለውን ምልክት ሰጡት።

ነቢል ረገጠ።